ከቱቦው የወጣው ስሜ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የቡና ለቀማው በደራበት ሰሞን ነው። እስካሁን ያልረሳሁት ለመርሳት ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። መንገዱ በየቀኑ ያስታውሰኛል።

የምኖረው ወናጎ ሲሆን ዲላ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ከሥራ በሚኒባስ ስመለስ የያዝኩትን ውሃ እጨርስና ባዶውን ሀይላንድ በመስኮት እወረውር ነበር። ሁልጊዜ አንድ ኩርባ ላይ፣ መኪናው ቀስ ሲል። ይህን ቆሻሻ መጣል አልለውም። ሀይላንድ ለዘይት ይሆናል፣ ለላምባ ይሆናል፣ የቸገረው ያነሳዋል። እንዲያውም በሆዴ ራሴን እንደ ለጋስ ሰው እቆጥር ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ኩርባው ጋ ስንደርስ ሚኒባሱ ቆመ። ከአስፋልቱ ስር የሚያልፈው ቱቦ ተደፍኖ፣ ጎርፉ መንገዱን አቋርጦ ከታች ወዳለ አንድ ቤት ይወርዳል። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው። የዓመት ኑሯቸው የሆነው ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በጆንያ ሆኖ ወለሉ ላይ ተደርድሯል፤ ውሃው ደግሞ ደጃፋቸው ደርሷል። እሳቸው በአካፋ አፈር እየከመሩ «ድረሱልኝ!» ይላሉ።

ወርደን ቱቦውን በእጃችን መጎርጎር ጀመርን። የወጣው ጉድ ነው! ሀይላንድ፣ የቢራ ጣሳ፣ የለስላሳ ጠርሙስ፤ ቢጎተት ቢጎተት አያልቅም። የመንገዱ ዳር ነጭና አረንጓዴ ሆነ። የእኔ አፍ ግን አላረፈም። «ምን ዓይነት ሕዝብ ነን? መቼ ነው የምንሠለጥነው?» እያልኩ እሰብካለሁ።

የነርስ ልብስ የለበሰች አንዲት ተሳፋሪ አንዱን ሀይላንድ አንስታ ሳቀች። «የዘሪሁን ነው፣ እንዳትነኩ!» ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችው።

ዘሪሁን እኔ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ውሃዬን እየጠጡ ስላስቸገሩኝ በማይለቅ ማርከር እንዲያ እየጻፍኩ ነበር የማስቀምጠው። ደግነቱ ከተሳፋሪዎቹ የሚያውቀኝ አልነበረም።

«ይኸው ሌላ ዘሪሁን!» አለ አንዱ። «እዚህም አለ!» አለ ሌላው። እስከ ዘጠኝ ድረስ ቆጠሩና ሰለቻቸው። እኔም ስብከቴን አቆምኩ።

እማማ ከታች ሰሙ። «ይሄ ዘሪሁን የሚባል ሰውዬ እኔ ምን አደረኩት? ጌታ የሱም ቤት ውሃ ያስገባበት!» አሉ። ተሳፋሪው በሙሉ «አሜን!» አለ። እኔም አልኩ፤ ዝም ብል ይነቃብኛል።

ከዚያ በኋላ እንደ እኔ የሠራ የለም። ጭቃው ላይ በደረቴ ተኝቼ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ቱቦው ውስጥ ከተትኩ። የመጨረሻው ውታፍ ሲወጣ ውሃው ሽው ብሎ ወደ ቱቦው ገባ። ጀንፈሉ ተረፈ።

እማማ የጨቀየ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ተባረክ ልጄ። ስምህን ንገረኝ፣ በስምህ ልጸልይልህ» አሉኝ።

«ተስፋዬ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ለተስፋዬ ረጅም ጸሎት አደረጉ። ለቤቱ፣ ለልጆቹ፣ ለመንገዱ ሁሉ። ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት ምርቃት ነበር፤ አንዱም የእኔ አልነበረም።

አሁን ባዶ ሀይላንዴን ይዤ እቤቴ እገባለሁ። ወርጄ እውነቱን ልነግራቸው ስንት ጊዜ አስቤ አፍሬያለሁ። እሳቸው ግን ኩርባው ላይ ሚኒባሱን ባዩ ቁጥር እጃቸውን እያውለበለቡ «ተስፋዬ!» ይላሉ።

እኔም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «አቤት እማማ!» እላለሁ።