የማክሰኞ ቅጠል

በድንጋይ ላይ ታትሞ የሚገኝ ቅጠል የኖኅ ውኃ ትቶት የሄደ ነው ይላሉ። አይደለም። ከኖኅም ከአዳምም ይቀድማል። ይህን ካነበብኳቸው መጻሕፍት ቀድሞ የነገረኝ ደብተራው አጎቴ ነው።

ትናንት ጎረቤቴ ለአጥሩ ድንጋይ ሲያስፈልጥ ታፍኖ የኖረ የጭቃ ሽታ ወጣ። ሽታውን አውቀዋለሁ። ንጉሡ አንኮበርን ትተው እንጦጦ በወጡ ሰሞን፣ ታላቅ እኅቴ ድንቄ ቆላ ወርዳ ንዳድ ይዟት ተመለሰች። አጎቴ ከወንዝ ዳር ያመጣውን ጠፍጣፋ ድንጋይ በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታው ለሁለት ተከፈለ። በውስጡ አንድ ቡናማ ቅጠል ጅማቱ ሳይቀር ተኝቷል።

«ዕፅዋት የተፈጠሩት ማክሰኞ፣ አዳም ዓርብ ነው» አላት እናቴን። «ይህ ኃጢአት ሳይኖር የበቀለ ነው። መርገም ስላልነካው ያድናል።»

«አበባስ ነበረው?» አልኩት።

«ያብብ ነበር፤ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም።»

ነገሩ አልገባኝም፤ ለዛፉ ብቻ አዘንኩለት። አጎቴ ቅጠሉን ከነድንጋዩ ፈጭቶ በውኃ በጠበጠው።

ድንቄ ዋንጫውን ተቀብላ አየችው። «አጎቴ፣ ድንጋይ ካጠጡኝ እኮ ለቀባሪዎቼ እከብዳለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ጠጪ» አለች እናቴ።

ጠጣች። በሳምንቱ ቀበርናት። አልከበደችም፤ ንዳዱ ጨርሷት ነበር።

ዛሬ የማነብባቸው ሊቃውንት አበባ የሚያወጡ ዛፎች ሰው ሳይኖር ምድርን ሞልተው እንደነበር ይጽፋሉ። አጎቴ ስለ ቅጠሉ ዕድሜ አልተሳሳተም ማለት ነው። ለድንቄ ግን ምንም አልፈየደላትም። እናንተም እንዲህ ያለ ቅጠል ካገኛችሁ፣ እባካችሁ ለበሽተኛ አታጠጡት።