ሰው ሠራሽ

አባቴ ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ ዳማ ፈረሱንና ሰው ፊት መመስገንን። እኛ ልጆቹ ቦታ ከተረፈ ከነዚህ በኋላ እንገባለን። ፊት ለፊት ሁሌም አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ብዕሬ እምቢ አለኝ።

ንፋስ መውጫ ከተማ ዳር፣ በጥምቀት ታቦት ከገባ በኋላ ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የአገራችን ባለሀብት ያን ሜዳ አየና አዘነለት። ጉድባ ይበዛዋል፣ ለቴሌቪዥን አይሆንም አለ። ውጭ አገር አይቶ እንደመጣው አሸዋ በሰም አስለውሶ፣ የጎማ ፍርፋሪና የጨርቅ ክር አስደባልቆ አስነጠፈበት። ስሙም «ሰው ሠራሽ ሜዳ» ተባለ። ያን ሰሞን በየጠላ ቤቱ ወሬው ሁሉ ሰው ሠራሽ፣ ሰው ሠራሽ ነበር። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እንኳ መምህራኑ በእረፍት ሰዓት እየሄዱ ፎቶ ይነሱበታል።

ሰም በብርድ ይደርቃል፣ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ይህን ጧፍ አብርቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የኛ አገር ደግሞ በጥር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ይህን ያሰበ አልነበረም። ንፋሱ የጎማውን ፍርፋሪ እያነሳ የሰው ገብስ ማሳ ላይ በተነው። ክረምት ሲገባ ውሃው መውጫ አጥቶ ተኛበት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ዳሩ ላይ በቆመው ባሕር ዛፍ ጥላ በኩል ያለው ወገን ተሰነጣጠቀ።

መላ ያመጣው አባቴ ነው። «አውድማ ሲሰነጠቅ ምን እናደርጋለን? በእበት እንለቀልቃለን እንጂ ደግሞ ምን ጭንቅ አለው!» አለ። ግልቢያውን የሚያዘጋጀው የፈረስ ኮሚቴ አጨበጨበለት። እበት ተሰብስቦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ጥላው ወገን እንደ አውድማ ጥሩ ተደርጎ ተለቀለቀ። ገብስ ለመውቃት ቢሆን የሚያምር ሥራ ነበር። ለፈረስ ግን ከድንጋይ የማይሻል ሆነ፤ አባቴ ሲመሰገንበት ከረመ።

ዳማውን የሚጋልበው ታላቅ ወንድሜ ነው። እንደ አገራችን ፈረሰኛ ጫማ አያደርግም፤ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ በጠባቡ እርካብ አስገብቶ ነው የሚጋልብ። በከተራ ለት ሜዳውን በባዶ እግሩ ዞሮት መጣ።

«አባባ፣ ጥላው በኩል ደረቅ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ደግሞ ቀትር ላይ እግር ይይዛል። ዳማው ከደረቁ ሲወጣ ይወድቅብናል። የዘንድሮው ይቅርብን» አለ።

«ከሜዳ የሚሸሽ ፈረስ አላሳደግሁም» አለ አባቴ። «ከሜዳ የሚሸሽ ልጅ ወልጄ እንደሆነ ግን ነገ አያለሁ።»

እበቱን ያስለቀለቀው እሱ ነውና ሜዳው ክፉ ነው ማለት እሱ ተሳሳተ ማለት ነበር። ወንድሜ ወጥቶ ኮርቻውን ይወለውል ጀመር።

ረፋዱ ላይ ቢጋልቡ ኖሮ ዳማው ምናልባት ይተርፍ ነበር። ግን ታቦት ሳይገባ ፈረስ አይጋለብም፤ በማግስቱ ደግሞ ዝማሬው ረዝሞ ታቦቱ የገባው ቀትር ላይ ነው። ዳማው ከጥላው ሲነሳ የሰኮናው ድምፅ እኛ የቆምንበት ድረስ ይሰማል። ፀሐዩ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ጠፋ። የለሰለሰው ሰም የፊት እግሩን ያዘውና ተሰበረ፤ በወንድሜ ላይ ተገለበጠበት። አውራ ጣቱ ከእርካቡ አልወጣ ብሎ የወንድሜ እግር ከፈረሱ ሥር ተጠመዘዘ። ሰዎች ተጋግዘው ጎትተው አወጡት።

አባቴ እየሮጠ መጣ። ልጁ ከተጋደመበት ደረሰና አልፎት ሄደ። የዳማውን ራስ አቅፎ «ጌታዬ፣ ጌታዬ» እያለ ጋቢውን አውልቆ አለበሰው። ወንድሜ «አባባ» አለ። አባቴ ቀና ሳይል «የከብት ሐኪሙን ጥሩልኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ልጅዎስ?» አልሁት።

«እሱን ወጌሻ ያየዋል።»

ሐኪሙ መጣ፤ ለፈረሱ የሚደረግለት ነገር የለም አለና አንድ ሚሊሻ በጥይት ገላገለው። ወጌሻውም መጣ፤ የወንድሜን እግር በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ሰው ቤታችን ይጎርፍ ጀመር። አባቴን «እግዜር ያጥናዎት» ይሉታል፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይላል። ጓዳ ውስጥ ወንድሜ ያቃስታል። የእግሩ ጣቶች ሲጠቁሩ ከጎረቤት ጋር ተሸክሜ በሚኒባስ ሆስፒታል ወሰድሁት። እስሩ ደም ከልክሎት ኖሯል፤ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። አባቴ ሊጠይቀው አልመጣም፤ ሐዘን ላይ ነኝ ብሎ ላከብን። ያን ቀን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ባለሀብቱም ተመልሶ አልመጣም። አሸዋው ሰም ጠጥቶ ለቤት ልስን እንኳ አልሆነም። ፈረሰኞቹ ከጎኑ ሳይነጠፍበት ወደቀረው ጉድባማ ሜዳ ተመለሱ፤ የሚጋልቡት አሁንም እዚያ ነው።

ወንድሜ ባሕር ዳር ሄዶ እግር አስገጥሞ የመጣ ዕለት አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ወንድሜ ከፊቱ ሄዶ ቆመና ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አሳየው። አባቴ በዱላው ጫፍ ኳ ኳ አደረገው።

«ይኼም ሰው ሠራሽ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ውርጭ ይችላል? ፀሐይስ አያቀልጠውም?»

ስለዚያ እግር ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር። ሞኝነት ነው፤ ልቤ ደስ አለው።

«ምንም አይለውም» አለ ወንድሜ። «እንዳንቱ ነው። ብርድም ሙቀትም አይሰማው።»

አባቴ ዱላውን ሰበሰበ።

«እንግዲያ ጥሩ ዕቃ ነው» አለ።