ወይ ውሻው ይታሰራል፣ ወይ ቤቱን ትለቂያለሽ

ዛሬ ጠዋት እኔና ውሻዬ ቡሬ ከቦርከና ወንዝ ዳር ስንመለስ፣ አከራዬ አያ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አከም ቡልቴ» ብለው እንደወትሮው እንዴት እንዳደርኩ እንኳን አልጠየቁኝም።

«ውሻ ታስሮ ሲውል ነው ኃይለኛ የሚሆነው! አንቺ እያዞርሽ በግ አደረግሽው። ከነገ ጀምሮ ወይ ይታሰራል፣ ወይ ቤቴን ትለቂያለሽ!»

በከሚሴ ሙቀት ፀሐይ ከከረረች ውሻ ቀርቶ ግመልም ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ ንጋት ላይ ሱብሂ ከሰገድኩ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እንሮጣለን፤ አመሻሽ ላይ ሲበርድ ደግሞ እንደገና። (እውነቱን ለመናገር እሱ ይሮጣል፣ እኔ እጎተታለሁ።)

«ደግሞ ሙስሊም ሴት ውሻ ይዛ ስትዞር!» ብለው ጨመሩ።

«አያ፣ ምራቁ ቢነካኝ በውሃ እታጠበዋለሁ። ቀኑን ሙሉ አስሬ ባውለው ግን፣ ያ ወንጀል በምን ይታጠባል?» አልኳቸው።

የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ወደ ውስጥ ገቡ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

እኔም አልቀየርኩም። ነገም እንወጣለን። ከነጓዛችን ከሆነም ከነጓዛችን!

እናንተስ ለእንስሳ ብላችሁ ከማን ጋር ተጣልታችኋል? እስቲ ጻፉልኝ።

ከሚሴ ውስጥ ሰፋ ያለ ግቢ የሚያከራይ የምታውቁም ጠቁሙኝ። ተከራዮቹ ሁለት ነን።