ስሟ ያልታወቀ ሠራተኛ

ሆላንድ ከመግባቴ በፊት ስዊድን ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ባለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የሶፋና የወንበር ልብስ እሰፋ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ከጎኔ ባለው የስፌት መኪና ላይ የሚሠሩ አንዲት ሴትዮ ናቸው፤ ገና በልጅነታቸው ተቀጥረው እዚያው ያረጁ። ስዊድኖች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚሉት። እኔ ግን በአፌ «አንቺ» እያልኩ በልቤ «እርስዎ» እላቸው ነበር። ቆዳው ጠንክሮብኝ መርፌ ስሰብር አይቆጡም። እጄን ይዘው ከመርፌው ሥር እንዴት እንደምገፋው ያሳዩኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ምግብ አዳራሽ ሰበሰቡን። ኬክ ተቆርጦ ቀረበ፤ የሰው ልደት መስሎን ነበር። አለቃው ኬኩን እስክንቀምስ ጠብቆ፣ ፋብሪካው እንደሚዘጋና ሥራው ጉልበት ወደሚረክስበት አገር እንደሚሄድ ነገረን።

ሴትዮዋ ሹካቸውን አስቀምጠው «መኪኖቹስ?» አሉ።

«መኪኖቹ ይሄዳሉ።»

«እንግዲያው ከእኛ ይሻላሉ፤ ቪዛ አግኝተዋል» አሉና ወጡ። ማንም አልሳቀም።

ከዓመታት በኋላ ባለቤቴን ተከትዬ እዚህ መጣሁ። አሁን የምኖረው ቭላርዲንገን ነው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከባለሁ። ባለፈው ጸደይ ልጄ ለአዲሱ ቤቷ ወንበር ልታይ ሮተርዳም ይዛኝ ሄደች። ሱቁ የዚያው የድሮ ፋብሪካዬ ኩባንያ ነው። ግድግዳው ላይ የኩባንያውን ታሪክ በትልልቅ ፎቶ ደርድረውታል፤ መሥራቹ፣ ልጁ፣ የልጅ ልጁ። የመሥራቹ ውሻ ሳይቀር ስሙ ተጽፏል። ስለ መዘጋቱ ያለው አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «ኩባንያው ወደ አዲስ ዘመን ተሸጋገረ» ትላለች። ያ አዲስ ዘመን ሲመጣ እኔ እዚያው ነበርኩ። ኬክ ይዞ ነው የመጣው።

ቀጥሎ የስፌት ክፍሉ ፎቶ አለ። መኪናው ላይ አጎንብሰው የሚሰፉት የኔ ሴትዮ ናቸው! ከፎቶው ሥር «ስሟ ያልታወቀ ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል።

ደሜ ፈላ። ዕድሜ ልካቸውን ደሞዝ ሲከፍሏቸው በማን ስም ነበር የሚከፍሉት?

«ማሚ፣ ሩስቲኽ! ሰው እያየን ነው» አለች ልጄ።

«ይየን! ተረጋጊ አትበይኝ።»

የሱቁን ኃላፊ አስጠራሁ። ትሑት ወጣት ነው። ስማቸውን ፊደል በፊደል ነገርኩት፤ ስልኩ ላይ ጻፈ። እዚህ የማልጽፈው እሳቸው ስላልፈለጉ ነው እንጂ ስላልታወቀ አይደለም።

«በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው» አለኝ።

«ደስ አይልም» አልኩት።

ማታውኑ ደወልኩላቸው። ስዊድን፣ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ናቸው። ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፎቶው ላይ ቀጭን ነኝ?»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስማቸው ተጽፎ እንደሆነ ልይ ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ፎቶው የለም። በቦታው ጉም የለበሰ የጥድ ጫካ ተሰቅሏል። ኃላፊው ሲያየኝ ፊቱ ቀላ።

«ዋናው መሥሪያ ቤት ስም ለመጻፍ የራሷ የሴትዮዋ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። ማንሳቱ ቀለላቸው።»

«ሳትጠይቋቸው መልካቸውን ስትሰቅሉስ ፈቃድ ነበራችሁ?»

እኔም ስጮህ የነበርኩት ስማቸው ይጻፍ ብዬ ነበር፤ ጩኸቴ ጭራሽ መልካቸውንም አስነሳው። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር።

«ፎቶውን ስጠኝ» አልኩት።

ትንሽ አመንትቶ ከጓዳ አወጣልኝ። ከኔ ቁመት አይተናነስም። ሁለት እጄን ዘርግቼ አቅፌው ሜትሮ ገባሁ፤ ሰዉ እየተጠጋ ቦታ ለቀቀልኝ። ቤት ስደርስ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ቆርጬ ጣልኩና ስማቸውን በትልቁ ጽፌ ላክሁላቸው። ልጃቸው ክፍላቸው ውስጥ፣ ከአልጋቸው ትይዩ ሰቀለላቸው። ነርሶቹ እየመጡ ስለ ፋብሪካው እንደሚጠይቋቸው በስልክ ነገሩኝ። ደስ ብሏቸዋል።

እኔ ግን ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። ያ ፎቶ የሳቸው መኝታ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? እሳቸው ማን እንደሆኑ ያውቃሉ። ማወቅ የነበረበት በዚያ ሱቅ እየገባ ወንበር የሚመርጠው ሰው ነበር።