አምስት ቀን የጠጣው ኮንክሪት

ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ውሃ» ነው የሚላት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ የተሞላ ኮንክሪት ውሃ ማጠጣት። ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ የውሃ ጎማዋን እየጎተተች አዲሱን ወለል ታረሰርሳለች። ቀላል ይመስላል አይደል? ውሃ ያልጠገበ ኮንክሪት ላዩ ድንጋይ ውስጡ ዱቄት ነው። ይህን ሳያውቅ ሕንጻ አሠራሁ የሚል ሰው አፉን ባይከፍት ይሻለዋል።

ያን ሰሞን ከሰኞ ጀምሮ የባንክ ወለድ እንደሚጨምር ተሰማ። የምትሠራበት ሕንጻ ባለቤት ብድሩን የሚቀበለው ወለል በወለል ነው፤ ሁለተኛውን ከሰኞ በፊት ካልሞላ ቀሪው ገንዘብ በአዲሱ ወለድ ሊሰጠው ነው። የድጋፍ እንጨቱ ደግሞ ያለው አንድ ዙር ብቻ፣ እሱም የመጀመሪያውን ወለል ደግፎ ይዟል። ታዲያ ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ ወለሉ በተሞላ በአምስተኛው ቀን መጣና ድጋፉን ንቀሉ አለ።

«ጋሼ፣ ገና ነው» አለችው። «ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።»

«ሁለት ሳምንት ስጠብቅ ወለዱን አንቺ ትከፍይልኛለሽ?»

«ኮንክሪት የባንክ ቀጠሮ አያውቅም። ለመሆኑ ከሥሩ ማን ሊገባ ነው?»

«መዋዕለ ሕጻናት። ተከራይቷል።»

ደሟ ፈላ። «እንግዲያው ሲነቀል እርስዎ ከሥር ይቁሙልን።»

ሰውየው ስልኩን አየት አድርጎ «ቀጠሮ አለኝ» አለና ሄደ። ፎርማኑም ዓይኗን ማየት እያቃተው፣ ነገ እንዳትመጣ ነገራት።

ድጋፉ ተነቀለ። ወለሉ አልወደቀም። መሃሉ ረገብ አለ፣ ስንጥቁ በጂፕሰም ተደፈነ፣ ቀለም ተቀባ፣ ቢራቢሮም ተሳለበት። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቿ «ይኸው ቆሟል እኮ» እያሉ ያሾፉባታል። አንጀቷን የሚያሳርራት ይኸው መቆሙ ነው። ቆሞ ስላዩት ማንም አይሰማትም።

አሁን በየጠዋቱ የመዋዕለ ሕጻናቱ በር ላይ ቆማ፣ ልጆቻቸውን እንዳያስገቡ ወላጆችን ትለምናለች። ዘበኛው ይገፈትራታል፤ ወላጆቹም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ያልፏታል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት እናት የልጇን እጅ እንደያዘች ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«አምስት ቀን ብቻ?»

«አምስት ቀን ብቻ፣ ልጄ። በእጄ ያጠጣሁት ነው።»

እናትየው ሕንጻውን ቀና ብላ አየች።

«አምንዎታለሁ፣ እትዬ» አለች። «ግን ወለዱ ከጨመረ ወዲህ ሌላው መዋዕለ ሕጻናት ሁሉ ክፍያውን እጥፍ አድርጎታል። የት ልውሰዳት?»

የልጇን ግንባር ሳመችና አስገባቻት።