የሜዳው ኃላፊ

እዚህ እስራኤል፣ በባርኔአ ባሕር ዳርቻ ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። እኔ ቀና አልልም። ድምፁ ይበቃኛል።

ልጅ ሳለሁ፣ በጎንደር በኩል ለመንደራችን በምትቀርበው ከተማ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ የሚባለው የሣር ሜዳ ነበር። አባቶቻችን ድንጋዩን ለቅመው፣ ኩይሳውን ንደው፣ ዳርዳሩን በኖራ ድንጋይ ያሰመሩት ነው። አውሮፕላኑ በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ ፖስታና መድኃኒት አውርዶ በሽተኛና ቅቤ ጭኖ ይሄዳል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሌላ መውጫ አልነበረንም። የእርጥብ ሣርና የቤንዚን ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

የሜዳው ኃላፊ የእናቴ ወንድም አያሌው ነበር። ኃላፊነቱ ካኪ ለብሶ ተሳፋሪ መቁጠርና ከብት ማባረር ነው። ቤተ እስራኤል መሆኑን ከተማው አያውቅም፤ ቢታወቅ ቡዳ ተብሎ ይባረራል። ስለዚህ ከመንደራችን እግሩን ቆረጠ። አባቴ ግን «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ማለቱን አልተወም።

አንድ ክረምት እናቴ ምጥ ጠናባት። በቃሬዛ ተሸክመን ሜዳው ዳር አደረስናት። እኔ ሮጬ የካኪውን እጅጌ ያዝኩ።

«አጎቴ፣ እማዬ ናት።»

ቅቤ ሊያስጭን የቆመ ነጋዴ «ታውቃታለህ እንዴ?» አለው።

«ከየት አውቃታለሁ? የነዚያ የሸክላ ሠሪዎች ልጅ ትሆናለች። አንቺ፣ ቦታ የለም በያቸው» አለኝ።

ቅቤው ተጫነ። የአውሮፕላኑ ነፋስ ሣሩን አስተኛው። እናቴ ቤት ሳንደርስ አረፈች፤ ልጁም በሆዷ ቀረ።

ዛሬ አያሌው የሚኖረው እዚሁ እስራኤል፣ አቲቆት በሚባለው ሰፈር ነው። ልጆቹ በየሠርጉ «አባባ የኤርፖርት መናሄል ነበር» ይላሉ፤ ሥራ አስኪያጅ ማለታቸው ነው። እውነቱን አልነገርኳቸውም። እኔ እሱ ራሱ መጥቶ እንዲናገር ስጠብቅ ዕድሜዬ አለቀ።

በቅርቡ የጀልባ ማቆሚያው፣ ማሪናው አጠገብ ልጁ በተሽከርካሪ ወንበር ስትገፋው አገኘኋቸው። ከላያችን ትንሽ አውሮፕላን አለፈ። እሱ ግን ወደ ሰማይ አላየም፤ እጁን አወናጭፎ «ሂድ! ሃይ!» እያለ የሌለ ከብት ያባርር ጀመር። ጎንበስ ብዬ «አጎቴ፣ የጥሩነሽ ልጅ ነኝ» አልኩት።

አተኩሮ አየኝና ወደ ልጁ ዞረ። «አላውቃትም» አለ።

«ሎ ኖራ፣ ምንም አይደል እትዬ፣ አይቀየሙት። እኔንም አያውቀኝም» አለች ልጁ።

ያኔ እያወቀ ነበር የካደኝ። ዛሬ ግን እውነቱን ነው። ሜዳውንም መንገድ ከገባ በኋላ አርሰው ጤፍ ዘሩበት ይላሉ። የሚጠየቅ ሰው አልቀረልኝም።