ጣሳው ውስጥ የጣልኳት ሽምብራ

በስተርጅና በስልክ የምከታተለው የታሪክ ትምህርት ባለፈው ሳምንት ባርነት በሕግ ከተሻረበት ዘመን ደረሰ። መምህሯ አንድ ጥያቄ ሰጠችን፦ የዚያ ዘመን ሃይማኖተኞች በጉዳዩ ለሁለት ተከፍለው ድምፅ ሲሰጡ፣ እናንተ ብትኖሩ ከየትኛው ወገን ትቆሙ ነበር? ልጅ እግር የክፍል ጓደኞቼ ወዲያው መለሱ። እኔ ዐረብ አገር፣ መላዝ ሰፈር ካለው ክፍሌ ባዶውን ወረቀት ሳይ ሰነበትኩ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሰው ቤት የምንሠራ፣ ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ የምናገኝ የወሎ ልጆች ጀራዲያ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ማኅበር ነበረን። የታመመችውን እንጠይቃለን፣ የሞተችውን አጥበን እንገንዛለን። ከአንድ ትሪ ከብሳ የሚሉትን ሩዝ በሥጋ እንበላለን፤ የሄሉ ቅመም ሽታ እስከሚቀጥለው ዓርብ ከግድግዳው አይለቅም። በዚያ ሐሩር ሰዒዳ «ማኅበሩ ውስጥ ልግባ» አለች። እኔ ከምሠራበት ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነበር የምትሠራው። ለሆድ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዛ ነበር።

«ስነቃ የሚያየኝ ሰው እንዲኖር ነው፣ ፈጡምዬ» አለችኝ።

አያቷ በባርነት የተሸጡ መሆናቸውን ግን ሁላችንም ሰምተን ነበር።

የማኅበሩ ታላቅ ሀጃ ሩቅያ ነበሩ። «ባሪያን ነፃ ማውጣት ኢባዳ ነው፣ አላህን ማምለክ ነው» አሉን። «እኛ አምስት ወቅት እየሰገድን ሰው ልንመርጥ ነው?»

«ወላሂ እውነት ነው!» አልን በአንድ አፍ።

«ሰላት ላይ አንድ ሰልፍ፣ ትሪ ላይ ሁለት ሰልፍ ነው እንዴ?» አለች አንዷ፤ ሳቅን።

ልማዳችን በምስጢር ድምፅ መስጠት ነበር። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ በሻሽ ይሸፈናል። የቴምር ፍሬ «ትግባ» ነው፣ ሽምብራ «አትግባ»። ሰዒዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ፍሬዎቹ እሷው ይዛልን ከመጣችው ቴምር የወጡ ነበሩ።

እጄን ከሻሹ ስር ስሰድ እናቴ ታወሰችኝ። አንድ ቀን ብሞትና ገላዬን ሰዒዳ ብታጥበው፣ እናቴ አገር ቤት ምን ትባላለች? ሽምብራዋን ጣልኩ።

ጣሳው ትሪው ላይ ተገለበጠ። አሥራ ሁለት ሽምብራ፣ አንዲት የቴምር ፍሬ። ማናችንም ቀና ብለን አልተያየንም። ሀጃ ሩቅያ ፍሬዋን አንስተው መዳፋቸው ውስጥ ጨበጧት። «ኸላስ፣ አበቃ» አሉ፣ በማይሰማ ድምፅ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሾርባ ይዤ ሹመይሲ ሆስፒታል ሄድኩ። ሌላ የመጣ ሰው አልነበረም።

«ያቺ አንዷ የቴምር ፍሬ ያንቺ ናት አይደል?» አለችኝ ሰዒዳ። «ዝም በይ፣ ሳትነግሪኝም አውቄያለሁ።»

ሾርባው እንዳይፈስ ማንኪያው ላይ አቀረቀርኩ። ዝምታዬን ትሕትና አደረገችው። ዛሬም፣ አገሯ ገብታ፣ በየረመዳኑ በድምፅ መልእክት ዱዓ ትልክልኛለች።

ትናንት ወረቀቱን ሞላሁት። «ተጠይቄ ነበር። ሃይማኖቴ የሚያዘውንም አውቅ ነበር። ሽምብራ ጣልኩ» ብዬ ለመምህሯ ላክሁ። መላክ የነበረብኝ ግን ለሰዒዳ ነው።